ኤታኖል የሚጠጣ ባለ ሱፐርቻርጀር ሞተርና ካርቡሬተሩ፦ ጥያቄና መልስ ከአዳማ

ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ክፍል) ባለው ሞተር ላይ ሱፐርቻርጀር (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚነፋ መሣሪያ) ገጥማችሁ በኤታኖል ለመንዳት የምትሞክሩ ወንድሞችና እኅቶች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ ስለ ጄት (ነዳጅ ተለክቶ ስለሚያልፍበት የካርቡሬተሩ ጠባብ ቀዳዳ) ቁጥር የሚጠይቁ ናቸው። እኔ ግን ጄት ከመነካቱ በፊት ነዳጁ ከታንኩ ተነሥቶ የካርቡሬተሩ ቋት (ነዳጅ የሚጠራቀምበት ትንሽ ክፍል) ድረስ በበቂ መጠን መድረሱ መረጋገጥ አለበት ብዬ ስለማምን፣ ደጋግሜ ወደዚሁ ነጥብ ብመለስ ቅር አይበላችሁ።

ጥያቄ፦ ከቤንዚን ወደ ኤታኖል ስሸጋገር ዋናውን ጄት በምን ያህል ላስፋ?

መልስ፦ 1 ኪሎ ቤንዚን ተሟልቶ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲፈልግ፣ ለ1 ኪሎ ንጹሕ ኤታኖል ግን 9 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ሞተሩ ያንኑ አየር እየሳበ፣ በሊትር ሲለካ ከ50 በመቶ በላይ ተጨማሪ ነዳጅ ማግኘት አለበት። 15 በመቶ ቤንዚን ከተቀላቀለበት ጭማሪው ከ40 በመቶ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ይህን ጭማሪ በቀዳዳው የወለል ስፋት ላይ ማስላት ሲገባ በዲያሜትሩ ላይ ሲያሰሉት ነው፤ የ1.30 ሚሊ ሜትር ጄት ወደ 1.82 ቢሰፋ የሚያሳልፈው ነዳጅ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ለዚህ ድብልቅ ትክክለኛው መነሻ 1.55 አካባቢ ነው። የሚኒሞው (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ዝግ ብሎ የሚዞርበት) እና የማፍጠኛው ፓምፕ ቀዳዳዎችም መስፋት እንዳለባቸው አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሸጥ ጄት የቀየረ ሰው አላየሁም። አሁን ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ በተገኘ ኤታኖል በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ የተጀመረው ድብልቅ በኋላ ያደገው እስከ 10 በመቶ ነው። በ10 በመቶ ድብልቅ የአየሩ ድርሻ የሚወርደው ከ14.7 ወደ 14.1 ብቻ ስለሆነ፣ ጤነኛ ካርቡሬተር ልዩነቱን ይችለዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ሱፐርቻርጀሩ አየሩን ወደ ካርቡሬተሩ ይነፋል። ሙሉ ነዳጅ ስሰጣት ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ትጎትትና ወዲያው ትደክማለች። ጄቱን ደጋግሜ ባሰፋም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጄቱን ይተዉት፤ የገለጹት ምልክት የቋት ባዶ መሆን ነው። መጀመሪያ ቋቱ ውስጥ የነበረው ነዳጅ ያስኬዳታል፤ እሱ ሲያልቅ ጄቱ ምንም ቢሰፋ የሚያሳልፈው የለውም። ምክንያቱን ለማየት ግፊቱን ያስቡት፦ ሱፐርቻርጀሩ 0.5 ባር ሲነፋ ያ ግፊት ቋቱ ውስጥም ስለሚገባ፣ 0.3 ባር ብቻ የሚገፋው የቆየው ፓምፕ ነዳጁን ማስገባት ይሳነዋል። በመሆኑም የሱፐርቻርጀሩን ግፊት በቀጭን ቱቦ የሚቀበልና የነዳጁን ግፊት በዚያው ልክ የሚያሳድግ መቆጣጠሪያ ያስፈልግዎታል፤ በሚኒሞ 0.4 ባር የነበረው በሙሉ ጭነት 0.9 ባር መድረስ አለበት።

ከዚያ መጠኑን ይለኩ። 120 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚያወጣ እንዲህ ያለ ሞተር በኤታኖል በሰዓት 65 ሊትር ያህል ሊፈጅ ስለሚችል፣ ፓምፑ በዚያው የሥራ ግፊት በ30 ሰከንድ ከግማሽ ሊትር በላይ መስጠት ይኖርበታል። ልኬቱን ሞተሩ በቀዘቀዘበትና ብልጭታ በሌለበት ቦታ ያድርጉት፤ የኤታኖል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ለዓይን በቀላሉ የሚታይ አይደለምና።

በመጨረሻ ቋቱን ይክፈቱ። የቋቱን ነዳጅ ከፍታ የሚቆጣጠረው፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የናስ ተንሳፋፊ በግፊት ጎኑ ይጎደጉዳል፣ ይሰነጠቃልም፤ በጆሮዎ አጠገብ ሲወዘውዙት ነዳጅ ሲንቦጫረቅ ከሰሙ ጠጣር በሆነና ኤታኖል በማይበላው ተንሳፋፊ ይቀይሩት። ነዳጁን ወደ ቋቱ የሚከፍትና የሚዘጋው መርፌ መቀመጫ ቀዳዳም ለቤንዚን የተሠራ ስለሆነ ሰፋ ባለው ይተካ።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተሩን ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ባደርገውስ?

መልስ፦ የነዳጅ ግፊቱ ችግር ይቀልልዎታል፤ ኤታኖል ሲተን ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ስለሚወስድም ሱፐርቻርጀሩን ራሱን ያቀዘቅዘዋል። ነገር ግን ማስገቢያው በሙሉ በሚቀጣጠል ድብልቅ የተሞላ ስለሚሆን፣ እሳት ወደ ኋላ ቢመለስ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ክዳን ሳይገጥሙ በፍጹም አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የካንዴላው ቀለም ነጭ ነው፤ ነዳጅ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ ኤታኖል ጥላሸቱ ጥቂት ስለሆነ ካንዴላው ነዳጅ በበቂ እየደረሰውም ነጭ ሊሆን ይችላል፤ በቤንዚን የለመድነው ቡናማ ቀለም እዚህ አይፈርድም። የጭስ ኦክስጅን መለኪያ ይግጠሙና በላምዳ (የገባው አየር ነዳጁ ከሚፈልገው ጋር ሲነጻጸር፤ 1 ማለት ልክ፣ ከ1 በታች ነዳጅ የበዛበት ነው) ያንብቡት፤ በሙሉ ጭነት ከ0.75 እስከ 0.80 መሆን አለበት። መለኪያው በቤንዚን ስሌት የሚያሳይ ከሆነ 11.5 ማለት 0.78 ነው፤ ኤታኖል ስለሆነ ብለው ቁጥሩን ወደ 7 ለማውረድ አይሞክሩ። ካንዴላው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ)፣ ክፍተቱም ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ አዳማ ላይ ያስተካከልኩት ካርቡሬተር መተሐራ ስወርድ ድብልቁ ለምን ይሳሳል (ነዳጅ ያንሰዋል)?

መልስ፦ አዳማ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ፣ መተሐራ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። ሲወርዱ የአየሩ እፍጋት 8 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ካርቡሬተር የሚከተለው የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ድብልቁ በ4 በመቶ ገደማ ይሳሳል። የሱፐርቻርጀሩ ግፊትም አብሮ ከፍ ይላልና፣ ቁልቁል ለሚሄድ መኪና ጄቱን አንድ ደረጃ አስፍቶ መነሣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሞተሪኖው እየዞረ አልነሣ ይለኛል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ኤታኖል በቅዝቃዜ በደንብ አይተንም፤ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን የሚቀጣጠል ትነት ለማውጣት ይቸገራል። ብራዚሎች በኤታኖል መኪኖቻቸው ላይ ለማስነሻ የሚሆን ትንሽ የቤንዚን ታንክ ይገጥሙ ነበር፤ ለእርስዎም የሚሻለው እሱ ነው። ጥቅሙ ለጠዋት ብቻ አይደለም፦ ኤታኖል እርጥበት ስለሚስብና የካርቡሬተሩን አሉሚኒየም ስለሚበላ፣ መኪናዋን ለቀናት ከማቆምዎ በፊት የኤታኖሉን መስመር ዘግተው ቋቱ ቤንዚን እስኪሞላ ድረስ ሞተሩን በቤንዚን ያሠሩት።