የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የሴቶች የፒንቦል ሻምፒዮና እንዴት ይዳኛል?

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራት ደብዳቤዎች የመጡት ከጎጃም ከተሞች ሲሆን፣ አራቱም ስለ ሴቶች የፒንቦል ውድድር ደንብና አካሄድ ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ደብዳቤ ያንኑ ደንብ ወደ ጆተኒ ለማምጣት ስለሚፈልግ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ከሄደች ወዲህ ፒንቦል ተወዳዳሪ ሆናለች። በምትኖርበት ግዛት የሴቶች ሻምፒዮና ላይ ተሰልፋ በመጀመሪያው ዙር እንደ ወደቀች በስልክ ነገረችን። እኛን ግራ ያጋባን፣ እርሷ በአንዱ ማሽን ብቻ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነጥብ አስመዝግባ ሳለ፣ ያሸነፈቻት ሴት ግን የሁሉም ጨዋታ ነጥቧ ተደምሮ የዚያን ግማሽ እንኳ አለመሙላቱ ነው። ተበድላ ይሆን?
አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ አልተበደለችም፤ ጥርጣሬዎ ግን ተገቢ ስለሆነ ከጨዋታው አሠራር ብንጀምር ይሻላል። ፒንቦል በአራት እግር የቆመ፣ ከላይ በመስታወት የተሸፈነ፣ ወደ ተጫዋቹ በኩል ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነበለ ጠረጴዛ ነው። በውስጡ 80 ግራም ገደማ የምትመዝን የብረት ኳስ ትሽከረከራለች፤ ተጫዋቿ በማሽኑ ግራና ቀኝ ያሉትን ቁልፎች ስትጫን፣ ፍሊፐር የሚባሉት አጫጭር ክንዶች ተነሥተው ኳሷን ወደ ላይ ይመልሷታል። ኳሷ በክንዶቹ መካከል ወይም በዳር በኩል ሾልካ ከወደቀች ያች ኳስ አለቀች ማለት ነው፤ ለአንድ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ሦስት ኳሶች ናቸው። ፍሊፐር የመጣው በ1947 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሷን ከለቀቀ በኋላ ሊያደርግ የሚችለው ነገር ጥቂት ስለ ነበር ጨዋታው ከዕድል ሙከራ ብዙም አይርቅም ነበር። ኒው ዮርክ ከተማም በ1942 እንደ ቁማር ቆጥራ ከልክላው እስከ 1976 ድረስ ክልክል ሆኖ ቆይቷል።

አሁን ወደ ነጥቡ እንምጣ። እያንዳንዱ ማሽን ነጥብ የሚሰጥበት ልክ የየራሱ ነው። በድሮዎቹ ማሽኖች መቶ ሺህ ነጥብ ማግኘት ትልቅ ነገር ሲሆን፣ በአዳዲሶቹ ግን መቶ ሚሊዮን መካከለኛ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሁለት ማሽኖችን ነጥብ መደመር ብርንና ሳንቲምን ሳይለዩ በቁጥር ብቻ እንደ መቁጠር ነው። በሻምፒዮናው የሚቆጠረው የነጥብ ድምር ሳይሆን ያሸነፉት ጨዋታ ብዛት ነው። በአሜሪካ ግዛቶች የሚካሄደው የሴቶች ሻምፒዮና በጥሎ ማለፍ የሚደረግ ሆኖ፣ አንድ ግጥሚያ እስከ 7 ጨዋታ ይዘልቃል፤ አራት ጨዋታ ቀድማ ያሸነፈች ታልፋለች። የአክስትዎ ልጅ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ያገኘችበት ጨዋታ ለእርሷ አንድ ድል ብቻ ነው፤ ተጋጣሚዋ ደግሞ በአራት ሌሎች ማሽኖች፣ ምናልባትም በአሮጌዎቹ፣ በጥቂት ሺህ ነጥብ እየበለጠች አራት ድል ሰብስባለች።

ማሽኑን ማን ይመርጣል የሚለው ጥያቄ ውጤቱን የሚወስን ስለሆነ ደንቡ በዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። ለሻምፒዮናው የሚያልፉት በዓመቱ ውስጥ በግዛቱ በተካሄዱ የሴቶች ውድድሮች ብዙ ነጥብ የሰበሰቡት ሲሆኑ፣ ይህን የደረጃ ነጥብ የሚይዘው ዓለም አቀፉ የፍሊፐር ፒንቦል ማኅበር ነው። በሰንጠረዡ ከላይ ያለችው ከታች ካለችው ጋር ትጋጠማለች፤ ማለትም 16 ተወዳዳሪዎች ካሉ አንደኛዋ ከአሥራ ስድስተኛዋ፣ ሁለተኛዋ ከአሥራ አምስተኛዋ ጋር ማለት ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ በደረጃ የምትበልጠው ወይ ማሽኑን ትመርጣለች፣ ወይ ቀድሞ ወይም ኋላ መጫወትን ትመርጣለች፤ አንዱን ስትወስድ ሌላው ለተጋጣሚዋ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምርጫው በየጊዜው የሚሰጠው ያለፈውን ጨዋታ ለተሸነፈችው ነው። ይህ በእኔ አስተያየት ከደንቡ ሁሉ ብልሁ ነው፤ አንዲት ተጫዋች በምትወደው ማሽን ላይ ተቀምጣ ተጋጣሚዋን አራት ጊዜ እንዳታሸንፍ ይከለክላልና።

ጥያቄ፦ በቪዲዮ እንዳየሁት ተጫዋቿ ማሽኑን በሁለት እጇ ይዛ ስትገፋው ዳኛው ዝም ይላል። ይህ ማጭበርበር አይደለምን?
አንባቢ፣ ከሞጣ

መልስ፦ መግፋት የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ከችሎታው አንዱ ክፍል ነው። ልኩን የሚወስነው ዳኛው ሳይሆን ማሽኑ ራሱ ነው። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ግንበኞች ቱምቢ የሚሉት ዓይነት የብረት ዘንግ በአንድ ቀለበት መካከል ተንጠልጥሏል። ማሽኑ ከመጠን በላይ ሲንቀሳቀስ ዘንጉ ተወዛውዞ ቀለበቱን ይነካል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣሉ፣ ልኩ ሲታለፍ ግን ፍሊፐሮቹ ይሞታሉ፣ ኳሷ ትወድቃለች፣ በኳሷ ማብቂያ ሊታከል የሚገባው ተጨማሪ ነጥብም ይቀራል። ማሽኑን አንሥቶ መጣል ወይም በኃይል መምታት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጨዋታውን ሁሉ ያቋርጣል፣ ያደረገችው ተጫዋችም የዚያ ጨዋታ ውጤቷን ታጣለች። የወደቀችን ኳስ ማሽኑን በድንገት በማናጋት ወደ ጨዋታ መመለስም በውድድር ክልክል ነው፤ ማሽኑንም ተጫዋቿንም ይጎዳል።

ዳኛው የሚገባው ማሽኑ ሲበላሽ ነው። አንድ አምፖል ባለመብራቱ ካሳ አይሰጥም። በብልሽት ምክንያት ኳሷ ያለ አግባብ ካለቀች ግን ተጫዋቿ ወዲያውኑ እጇን አንሥታ ዳኛ ትጠራለች፤ ብልሽቱ ከተረጋገጠ አንድ ኳስ በአዲስ ጨዋታ ተጫውታ ነጥቡ ይታከልላታል። ዝም ብላ ቆይታ በኋላ ብታመለክት አይሰማላትም። በሌላዋ ተራ ገብታ ኳስ የተጫወተችም የዚያ ጨዋታ ውጤቷ ዜሮ ይሆናል፤ ጥፋቱ በስሕተት የሚደረግ ቢሆንም ቅጣቱ ከባድ የሆነው ተራን መጠበቅ የእያንዳንዷ ኃላፊነት ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጉልበት የማይጠይቅ ጨዋታ ከሆነ ሴቶችን ለብቻ ማወዳደር ለምን አስፈለገ? መለየቱ ራሱ ዝቅ ማድረግ አይሆንም?
አንባቢ፣ ከዳንግላ

መልስ፦ በፒንቦል ወንድ ከሴት የሚበልጥበት የአካል ምክንያት የለም ማለትዎ እውነት ነው፤ የሴቶቹ ውድድር የተቋቋመውም በዚያ ምክንያት አይደለም። ማሽኖቹ ለብዙ ዘመን የቆሙት በመጠጥ ቤቶችና በጨዋታ አዳራሾች ሲሆን፣ ውድድሩም የወንዶች መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። ያልተለማመደ ሰው ደግሞ ብቃት አያገኝም። በ2013 በአሜሪካዋ ኦክላንድ ከተማ ቤልስ ኤንድ ቻይምስ የተባለ የሴቶች የፒንቦል ሊግ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው ይህንኑ ለመለወጥ ነው፤ አዲስ ገቢዋ ከባለሙያዎቹ ጋር እየተሰለፈች ትማራለች፣ ተመልካችም አይበዛባትም።

ዋናው ነጥብ የሴቶቹ ውድድር ሌላውን በር አለመዝጋቱ ነው። አንዲት ተጫዋች በሴቶች ውድድር እየተሳተፈች ለሁሉም ክፍት በሆነውም ልትሰለፍ ትችላለች፤ የሚለየው የሴቶቹ መድረክ የሴቶች ብቻ መሆኑ ነው። በዳንግላም ሆነ በቡሬ መንገድ ዳር የቆመ ጆተኒ ዙሪያ ከሰዓት በኋላ ማን እንደሚሰበሰብ ልብ ይበሉ፤ ሴት ልጅ ዘንግ ይዛ ቆማ የምትታየው ስንት ጊዜ ነው? ክልከላ ተጽፎ አይደለም፤ የሚጋብዛት ስላልነበረ ነው። ለብቻቸው የሚመደብ አንድ ቀን እንግዲህ ግብዣ ነው፤ ዝቅ ማድረግ የሚሆነው ሌላውን ቀን ሁሉ ከለከልን ነው።

ጥያቄ፦ እኛ በደብረ ማርቆስ የምንኖር ጓደኛሞች ለፋሲካ ማግሥት የሴቶች የጆተኒ ውድድር ልናዘጋጅ ነው። 24 ሴቶች ተመዝግበዋል፤ ሦስት ጆተኒዎችም ለአንድ ቀን ልንከራይ ተስማምተናል። ችግራችን አንዱ ጆተኒ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉ፣ የሌላው ዘንጎች ደግሞ መያዛቸው ነው። የፒንቦሉን አካሄድ መጠቀም ይቻላል? በቀን ውስጥስ ያልቃል? አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ተመልካቾች ብር እንዲያስይዙ መክረውናል።
አዘጋጆቹ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ይቻላል፤ ከዚህም በላይ ይገባል፤ ምክንያቱም ችግራችሁ የፒንቦሉ ችግር ራሱ ነው። አንድ ማሽን ከሌላው በማይመሳሰልበት ውድድር ፍትሕ የሚገኘው ማሽኖቹን አንድ ዓይነት በማድረግ ሳይሆን፣ ልዩነቱ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ በማድረግ ነው።

ይሁንና መታረም የሚችለውን አስቀድማችሁ አርሙ። ኳሱን በመሐል መስመር ላይ አስቀምጣችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ወደ አንድ ወገን ከተንከባለለ ዝቅ ባለው በኩል ባሉት እግሮች ሥር ስስ ጣውላ እያስገባችሁ፣ ኳሱ ባስቀመጣችሁበት እስኪቆም ድረስ ሞክሩ። የሚይዙትን ዘንጎች በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ከሳጥኑ ውጭ ባለው ክፍላቸው ጥቂት ቅባት አስነኩ፤ ወደ ሜዳው እንዳይንጠባጠብ ግን ተጠንቀቁ። ከዚያ ያለፈውን ልዩነት በየምዕራፉ፣ ማለትም በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ባለው በየጨዋታው፣ ወገን በመቀያየር ታካክሱታላችሁ።

አካሄዱን በሁለት ክፍል ብትከፍሉት ይበጃል። በማጣሪያው ማንም አይወድቅም። የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ይደለደላል፤ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ያሸነፈች ካሸነፈች፣ የተሸነፈች ከተሸነፈች ጋር ትጋጠማለች፤ አምስት ዙር ይበቃል። አንድ ግጥሚያ እስከ 5 ጎል ቢሆንና ከነመቀያየሩ 10 ደቂቃ ቢወስድ፣ በየዙሩ 12 ግጥሚያ፣ በጠቅላላው 60 ግጥሚያ ይሆናል፤ በሦስት ጆተኒ ሲካፈል 200 ደቂቃ ነው። ከዚያ 8ቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ በሦስት ምዕራፍ ሁለት ያሸነፈች እያለፈች፣ የሦስተኛ ደረጃውን ግጥሚያ ጨምሮ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጠናቀቃል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ብትጀምሩ የምሳ ዕረፍት ሰጥታችሁም ከመምሸቱ በፊት ትጨርሳላችሁ። ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከአማኑኤል የመጣች ሴት ቢያንስ አምስት ጊዜ ትጫወታለች፤ ከጠዋቱ ጥሎ ማለፍ ብታደርጉ ግን ግማሾቹ አንዴ ተጫውተው በተመለሱ ነበር።

በጥሎ ማለፉ የፒንቦሉን ምርጫ እንዳለ ውሰዱ። በማጣሪያው የበለጠችው ወይ ጆተኒውን ወይ ወገኑን ትምረጥ፤ ከዚያ ያለፈውን ምዕራፍ የተሸነፈችው ትምረጥ። አራቱ የመጀመሪያ ግጥሚያዎች በሁለት ፈረቃ ቢደረጉ ለመምረጥ የሚበቃ ባዶ ጆተኒ ይኖራል።

ጭቅጭቅ የሚነሣው በስምንተኛው ቦታ ላይ ነው። በአምስት ዙር ሦስት ጊዜ ያሸነፉ ሰባት ወይም ስምንት ሴቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የቀረው ቦታ ግን ሦስት ወይም አራት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የእያንዳንዷ ተጋጣሚዎች ስንት ጊዜ እንዳሸነፉ ደምሩ፤ ጠንካሮችን የገጠመችው ትቅደም። በዚያም እኩል የሆኑት እስከ 3 ጎል የመለያ ጨዋታ ይጫወቱ። በዕጣ ግን አትለዩ፤ ቀኑን ሙሉ ተጫውታ በወረቀት ቁራጭ የወደቀች ሴት በሚቀጥለው ዓመት አትመጣም።

ከዓለም አቀፉ የጠረጴዛ እግር ኳስ ደንብ ደግሞ ሁለት ነገር ተበደሩ። ዘንግን ከአንድ ሙሉ ዙር በላይ ማሽከርከር ክልክል ይሁን። ኳስ ይዞ መቆየትም ልክ ይኑረው፤ አምስት ተጫዋች ባለበት ዘንግ 10 ሰከንድ፣ በሌሎቹ 15 ሰከንድ። ከመሐል በቀጥታ የገባ ጎል ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ከሜዳ ወጥቶ የወደቀ ኳስ ከየት ይጀምራል የሚሉት በየጆተኒው ቤት ስለሚለያዩ፣ የፈለጋችሁትን ወስናችሁ ጻፉትና ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከአዘጋጆቹ የምትጫወት ካለች በራሷ ግጥሚያ ላይ አትዳኝ።

ብር ማስያዙን ፈጽሞ አትቀበሉት። ተመልካች ብር ባስያዘበት ግጥሚያ የምትሳሳት ልጅ ስድብ ይጠብቃታል፤ ወላጆችም በሚቀጥለው ጊዜ አይፈቅዱም። ሽልማት ካስፈለገ የፒንቦሉ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ በየውድድሩ ከእያንዳንዷ ተሳታፊ አንድ ዶላር እያስከፈለ ለሻምፒዮናው እንደሚያከማች ሁሉ፣ እናንተም ትንሽ የመግቢያ ክፍያ ሰብስባችሁ ከኪራዩ የተረፈው ለስንተኛ እስከ ስንተኛ እንደሚከፋፈል በዚያው ወረቀት ላይ አስፍሩት።

የቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። ቀኑ የበዓል ማግሥት ስለሆነ የሚዘገዩ አይጠፉም፤ ስሟ ተጠርቶ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልቀረበች ያን ግጥሚያ በፎርፌ ትሸነፍ፣ ከሚቀጥለው ዙር ግን አትሰረዝ። ቁጥራቸው ጎዶሎ ከሆነም በየዙሩ ያለ ተጋጣሚ የምትቀረው እንደ አሸናፊ ትቆጠር፤ አንዷ ሁለት ጊዜ ግን አትቅር። ደንቡን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ብትልኩልን አይተን አስተያየታችንን እንጽፍላችኋለን።