ሜሽ ዋይፋይን አክሰስ ፖይንት ማድረግ፦ የሐዋሳ ልጆች ጥያቄና መልስ

ባለ ገመዱ፦ ዛሬ ማታ ስለ ሜሽ፣ ማለት ቤቱን ለማዳረስ ተያይዘው አንድ ዋይፋይ ስለሚያወጡ ዕቃዎች ጠይቁ። የዕቃውን ሞዴል፣ የቤቱን ፎቅና ኢንተርኔቱ የሚገባበት የፋይበር ሳጥን የት እንደተገጠመ አብራችሁ ጻፉ። «ዋይፋዬ አይሠራም» ብሎ ለሚያቆም መልስ የለኝም።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ጂ ፕላስ 1 ነው። የፋይበሩ ሳጥን ምድር ቤት ሳሎን ነው። ባለ ሦስት ዲኮ (የቲፒ-ሊንክ ሜሽ) ገዝቼ ሰካሁ፤ ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ግን ስልኬ ድሮ ከሳጥኑ ጋር የተገናኘውን ፕሪንተር አያገኘውም።

ባለ ገመዱ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ሳጥኑ ራሱ ራውተር ነው፤ ለእያንዳንዱ ስልክና ዕቃ የኔትወርክ አድራሻ ያድላል። ዲኮውም ከካርቶን ሲወጣ ራውተር ነው፤ እሱም ያድላል። ቤትህ ሁለት ኔትወርክ ሆኗል፤ ፕሪንተሩ በአንዱ፣ ስልክህ በሌላው። ዋናውን ዲኮ ከሳጥኑ ላን ቀዳዳ በገመድ አገናኘው፤ ከዚያ አፑ ላይ አድቫንስድ ውስጥ ገብተህ ኦፕሬሽን ሞድን ወደ አክሰስ ፖይንት ቀይር፤ ያኔ አድራሻ ማደሉን ትቶ ዋይፋይ ብቻ ያሰራጫል። ጠፍቶ ይነሳል። በመጨረሻ የሳጥኑን የራሱን ዋይፋይ ዝጋ፤ አለዚያ ስልክህ የደከመውን ሲግናል ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። የልጆች መቆጣጠሪያው በዚህ ሞድ እንደማይሠራልህም እወቅ። አድራሻ የሚያድለው አንድ ዕቃ ብቻ!

የአቶቴዋ፦ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች አከራያለሁ፤ ከዋናው ቤት 30 ሜትር ይሆናሉ። አንዱን ዲኮ እዚያ ባስቀምጠው ይደርሳል?

ባለ ገመዱ፦ በአየር? በብሎኬት፣ በብረት በርና በቆርቆሮ መሀል? እህቴ፣ ገመድ አስዘርጊ። ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ 30 ምንም አይደለም። ግን ስትገዢ ተጠንቀቂ፤ ገበያው መዳብ በተቀባ አሉሚኒየም ተሞልቷል። አንዷን ክር በቢላ ፋቂያት፤ ውስጧ ነጭ ከሆነ ለሻጩ መልሺለት። እሱ ቶሎ ይሰበራል፣ ጫፉም አይይዝም። ሲገጠም ስምንቱም ክሮች ይታሰሩ፤ አራቱን ብቻ አስሮ «ይሠራል» የሚል ባለሙያ አለ፤ ይሠራል፣ ከ100 ሜጋ ግን አያልፍም። የውጭው ገመድ ለውጭ የተሠራው ይሁን፤ የቤት ውስጡን ፀሐይ ልጡን ትሰነጣጥቀዋለች። በአየር አታንጠልጥዪው፣ በቱቦ ቅበሪው። ክረምት ላይ መብረቅ ግቢው ላይ ባይወድቅ እንኳ አጠገብ ሲመታ በተንጠለጠለ ገመድ ገብቶ ዕቃውን ይጨርሰዋል።

ሀይቅ ዳር፦ 10 ሜጋ ለሚከፍል ሰው ይሄ ሁሉ ገመድ ምኑ ነው?

ፒያሳ፦ እውነቱን ነው። እኔ በአየር ነው የማዞረው፣ ኳሱም ፊልሙም ይታያል።

ሀይቅ ዳር፦ ያንተማ ሁለት ክፍል ነው፣ ሜሹንም በከንቱ ገዛህ።

ፒያሳ፦ ቤቴን የት አየኸው?

የታቦር ልጅ፦ ኧረ ተዉ፣ ሰው ይጠይቅበት።

ባለ ገመዱ፦ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። በአየር የተያያዘ ዲኮ ጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ሲከፍት ማታ ማታ ይንገዳገዳል፤ ገመድ አይንገዳገድም። ለሁለት ክፍል ግን ሜሽ አያስፈልግም። በቃ።

ዳቶ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ሦስት ጉግል ዋይፋይ ላከልኝ። እንዴት ነው ብሪጅ የማደርጋቸው፣ ማለት አድራሻ ማደሉን እንዲተዉ?

ባለ ገመዱ፦ ሦስቱን አታደርጋቸውም። ጉግል ብሪጅ ላይ አንዱን ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ሜሹ ይፈርሳል። ሦስቱንም ከፈለግህ እነሱ ራውተር ይሁኑ፣ ሳጥኑን ብሪጅ አስደርገው። ያው ነው፤ አድራሻ የሚያድለው አንድ ዕቃ ብቻ። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል መኖሩን ሳታይ እንዳትሰካ፤ የእኛ 220 ነው።

ሞኖፖል፦ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ልግዛ? ስንት ነው ዋጋው?

ባለ ገመዱ፦ ዋጋ አልመልስም።

የአቶቴዋ፦ ተከራዮቹ ፋይሌን እንዳያዩ ጌስት ኔትወርክ (የእንግዳ ዋይፋይ) ብከፍትላቸው ይበቃል?

ባለ ገመዱ፦ ክፈቺ፣ ግን አክሰስ ፖይንት ላይ ጌስቱ በትክክል መለየቱ እንደ ዕቃው ነው። በጌስት ገብተሽ የራስሽን ፕሪንተር ፈልጊ፤ ከተገኘ አልተለየም።

አዲስ ገብ፦ ሰላም፣ ሜሽ ገዛሁ፣ ኢንተርኔት የለም። ምን ላድርግ?

ባለ ገመዱ፦ ላይ ያለውን አንብብ። ሞዴሉስ? መብራቱስ ምን ዓይነት ነው?

አዲስ ገብ፦ ቀይ ነው።

ባለ ገመዱ፦ የቱ ቀይ?! የሜሹ ወይስ የሳጥኑ?

አዲስ ገብ፦ ሳጥኑ ላይ፣ ሎስ የሚለው።

ባለ ገመዱ፦ እሱ ፋይበሩ ነው፤ ብርሃኑ ሳጥኑ ጋ አልደረሰም። ለኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውል፣ ሜሹን አትነካካው።