«የምትጎትተኝ ሻንጣ አይደለሁም» አለችኝ

ጥያቄ፦ የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ለትምህርት ወደ ጃፓን መጥቼ አሁን ሃማማትሱ ከተማ ውስጥ የመኪና ዕቃ በሚያመርት ፋብሪካ መሐንዲስ ነኝ። ባለቤቴና የ4 ዓመት ልጃችን ከመጡ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። ባለቤቴ አገር ቤት ባንክ ትሠራ ነበር። እዚህ ግን ከቤት አትወጣም፤ ነገር ሁሉ ያስከፋታል፣ ከእኔም ጋር ወሬ አቁማለች። ደስ እንዲላት ብዬ ኪዮቶም ናራም ፉጂ ተራራም ወስጃት ነበር፤ ሁሉም ጉዞ በጠብ አለቀ። ባለፈው በጎልደን ዊክ (በጃፓን ተከታታይ የበዓላት ሰሞን) ኪዮቶ ጣቢያ ሕዝብ መሃል «የምትጎትተኝ ሻንጣ አይደለሁም» ብላ አለቀሰች። ምን አጎደልኩባት? ለጊዜው እናቷ ዘንድ ልላካት?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ የባለቤትህን ቃል ሳትለውጥ ስለጻፍክልን እናመሰግናለን። እሷን ስላልሰማናት የምንልህ ከደብዳቤህ በተረዳነው ልክ ነው፤ ቃሏ ግን ብዙ ይነግረናል።

አገር ቤት ሳለች የራሷ ደመወዝ፣ የራሷ ደንበኞች፣ ቡና የምትጠራቸው ጎረቤቶች ነበሯት። ሃማማትሱ ስትደርስ የመኖሪያ ፈቃዷ «ካዞኩ ታይዛይ» (የቤተሰብ ጥገኛ) ሆነ፤ እዚያ አገር የምትኖረው የአንተ ሚስት በመሆኗ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጣውን ፖስታ የምታነበው አንተ፣ ሐኪሙን የምታናግረው አንተ፣ ገንዘብ የምታወጣው አንተ፣ ቅዳሜ የት እንደሚኬድ የምትወስነውም አንተ። አዋቂ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር የሌላ እጅ ሲጠብቅ መጀመሪያ ያፍራል፣ ቀጥሎ ይናደዳል፣ ሲሰለቸው ዝም ይላል። አንተ ደግሞ ዝምታዋ ሲያስጨንቅህ ሌላ ጉዞ ታዘጋጃለህ፤ ያም ጉዞ በአንተ ተወስኖ ያለቀ ነገር ሆኖ ይቀርብላታል። አንዱ ዝም ባለ ቁጥር ሌላው ይበልጥ ይሮጣል። ፉጂን ማየት ይህን አይፈታውም።

ስለዚህ ከሽርሽሩ በፊት በራሷ የምትሠራቸው ነገሮች ይኑሯት። ትልቁ ሥራ ነው። ካዞኩ ታይዛይ ያለው ሰው ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም፤ ነገር ግን «ሺካኩጋይ ካትሱዶ ክዮካ» የሚባለውን የሥራ ፈቃድ ኒዩካን (የኢሚግሬሽን ቢሮ) ሄዶ ማመልከት ይችላል። ፓስፖርቷን፣ የዛይሪዩ (የነዋሪነት) ካርዷንና የተሞላውን ቅጽ ይዛ ትሄዳለች፤ ክፍያ የለውም። ሲፈቀድ ካርዱ ጀርባ ላይ ይጻፍላታል። ገደቡ በሳምንት 28 ሰዓት ነው፤ ሁለት ቦታ ብትሠራም ድምሩ ከዚያ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ የመኖሪያ ፈቃዷ በሚታደስበት ጊዜ ችግር ያመጣል። አስተናጋጆች ደንበኛን እያጫወቱ የሚያስጠጡበት መጠጥ ቤትና የቁማር ቤት አይፈቀድም። ዓመታዊ ገቢዋ ወደ 1,300,000 የን ከተጠጋ ደግሞ በአንተ የጤና መድን ሥር መቆየቷ ስለሚያጠያይቅ አስቀድመህ የመሥሪያ ቤትህን የሰው ኃይል ክፍል ጠይቅ። የምታገኘው የመጀመሪያ ሥራ የሆቴል ጽዳት ወይም የቤንቶ (የታሸገ ምሳ) ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። ያኔ «አንቺ የባንክ ሠራተኛ ሆነሽ!» ብለህ አትዘንላት፤ «የእኔ ደመወዝ ይበቃናል»ም አትበላት። ብዙ ባል ይህንን በደግነት ይለዋል፤ ሚስት የምትሰማው ግን «ቁጭ በይ» የሚል ነው። ለእናቷ ከራሷ ኪስ የምትልከው ትንሽ ገንዘብ አንተ ከምትልከው ብዙ ገንዘብ ይልቅ ቀና ያደርጋታል።

ከሥራ የሚቀርበት ቀን የለኝም እንዳትል። በጃፓን ሕግ 6 ወር በቋሚነት የሠራ ሰው 10 ቀን «ዩክዩ» (ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት) ያገኛል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ያለው ሠራተኛ በዓመት ቢያንስ 5ቱን እንዲወስድ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው። የውጭ አገር ዜጋም ይካተታል። አንዱን ቀን ለኒዩካን፣ አንዱን ደግሞ ልጅ ለመጠበቅ ተጠቀምበት፤ እሷ በራሷ የባቡር ካርድና በራሷ ገንዘብ ብቻዋን ትውጣ። የት እንደዋለች ስትመለስ ካልነገረችህ አትመርምራት።

ልጃችሁ ዮቺየን (መዋዕለ ሕፃናት) ከገባች ከመምህሯ ጋር የሚላላኩበት «ሬንራኩቾ» የሚባል ደብተር አለ። ከእንግዲህ እሱን ባለቤትህ ትያዘው። በስልክ ካሜራ አስተርጉማ ታንብብ፣ አጭር መልስ ትጻፍ፤ ቢሳሳትም መምህሯ ለምደውታል። ቆሻሻም እንዲሁ። የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩ፣ ጠርሙሱ ተለይቶ እያንዳንዱ በተመደበለት ቀን በጠዋት ይወጣል፤ በተሳሳተ ቀን የወጣ ከረጢት ተለጣፊ ወረቀት ተደርጎበት እዚያው ይቀራል። ለአዲስ ሰው ይህ ሰፈሩ ሁሉ የጠላው ያህል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ምክንያቱ ብቻ ነው፦ ቀኑ አይደለም ወይም አልተለየም የሚል። የቀን መቁጠሪያውን ማዘጋጃ ቤቱ በሌላ ቋንቋ ካተመው ወስደህ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፍላት፤ ከዚያ በኋላ አትቆጣጠራት። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንነግርሃለን፦ ጃፓንኛ ቶሎ የምትለምደው ልጃችሁ ናትና እሷን የእናቷ አስተርጓሚ አታድርጓት፤ በተለይ ሐኪም ቤት። ለእናትየው በከተማው የዓለም አቀፍ ልውውጥ ማኅበር የሚሰጠውን የጃፓንኛ ትምህርት ፈልጉላት፤ እዚያ እሷን የመሰሉ ብራዚላውያን፣ ፊሊፒናውያንና ቬትናማውያን ሚስቶችን ታገኛለች።

አሁን ወደ ጉዞው። ጎልደን ዊክ፣ በኦገስት አጋማሽ ያለው ኦቦን (ሙታን የሚታሰቡበት በዓል) እና የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ስለሆነ ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ኪዮቶ መሄጃ አይደለም። ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፦ ልጅ ደክሟታል፣ ሁሉም ርቦታል፣ አንተ ግን «አንድ ቤተ መቅደስ ቀርቶናል» ትላለህ። በቀን አንድ ቦታ ይበቃል። መጀመሪያ ቤንተንጂማ ሂዱ፤ ከሃማማትሱ በተራ ባቡር ሦስተኛው ጣቢያ ነው፣ የሃማና ሐይቅና ውሃ ውስጥ የቆመው ቀይ ቶሪ (የሺንቶ መቅደስ በር) ከጣቢያው ቅርብ ነው። ቦታውን ግን እሷ ትምረጥ፤ ሌላ ከመረጠች ቤንተንጂማን እርሳው። ባቡሩን በስልኳ እሷ ትፈልግ። መስመር ብትስት ዝም ብለህ ተከተላት፤ ቀጣዩ ባቡር ይመጣል።

ዋጋውን ስታሰሉ የጃፓን ሬይል ፓስ የሚባለውን የባቡር ቲኬት አትቁጠሩት፤ ለጎብኚ እንጂ ለነዋሪ አይሸጥም። «ሴይሹን 18» የሚባለው የተራ ባቡር ቲኬትም ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ለአንድ ሰው ብቻ ለተከታታይ 3 ወይም 5 ቀን የሚያገለግል ሆኗል፤ እንደ ድሮው ለሁለት አትካፈሉትም። ልጃችሁ ከ6 ዓመት በታች ስለሆነች ለብቻዋ መቀመጫ እስካልያዛችሁላት ድረስ በነፃ ትሳፈራለች። ጾም ከሆነ ከቤት ቋጥሩ፤ ሥጋ የሌለው የሚመስለው የሚሶ ሾርባና የኑድል መረቅ አብዛኛውን ጊዜ በ«ዳሺ» ማለትም በዓሣ መረቅ የተሠራ ነው። ዳቦ ቆሎ ጥሩ ስንቅ ነው። የቆሻሻ ገንዳ መንገድ ላይ እምብዛም ስለሌለ ባዶ ፌስታል ያዙ።

ማውራትን በተመለከተ፣ ከዛንግዮ (ከትርፍ ሰዓት ሥራ) ሌሊት ስትገባ አትጀምር። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «በዚህ ሳምንት ምን ከበደሽ?» ብለህ ጠይቅና መፍትሔ ሳታቀርብ ስማ፤ መሐንዲስ ስለሆንክ ይከብድሃል። ድምፅ ከፍ ካለ ቢያንስ 20 ደቂቃ አቋርጣችሁ፣ እንደምትመለሱ ተነጋግራችሁ ተለያዩ። ጥለሃት ከወጣህ ግን ሌላ ቁስል ነው።

እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ማልቀስ፣ ከልጇ ጋር እንኳ መጫወት አለመፈለግ ከሁለት ሳምንት ከዘለቀ ይህ ኩርፊያ አይደለምና «ሺንሪዮ ናይካ» የሚል (ጭንቀትና ድብርት የሚያክም) ክሊኒክ ሂዱ፤ መድን ካላችሁ 30 በመቶውን ነው የምትከፍሉት። ስለ ትዳራችሁ ስትናገር አስተርጓሚው አንተ መሆን የለብህም፤ አገር ቤት ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በቪዲዮ በአማርኛ መነጋገር ትችላለች። መሞትን ካነሳች በዚያው ቀን ሐኪም ታግኝ፤ ለሕይወቷ አስጊ ከሆነ 119 ደውል።

እናቷ ዘንድ ልላካት ላልከው፣ «ልላካት» የሚለው ሐሳብ ራሱ የአንተ ውሳኔ ነው። ጠይቃት። እሄዳለሁ ካለች ቆይታውን አብራችሁ ቁረጡ፤ ልጅቷም አብራ ትሄድ እንደሆነ፣ ዮቺየኑ ቦታዋን ይጠብቅ እንደሆነ አጣሩ። ሲወጡ ኤርፖርት ላይ በሚሞላው ካርድ ላይ በልዩ ዳግም መግቢያ እመለሳለሁ የሚለውን ሳጥን ምልክት ታድርግ፤ ሳታደርግ ከወጣች የመኖሪያ ፈቃዷ ይጠፋል። ምልክቱ የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ነው፤ የዛይሪዩ ካርዷ ከዚያ በፊት ካበቃ ደግሞ እስከዚያው ቀን ድረስ ብቻ፤ ውጭ ሆና ማራዘም አትችልም።