ለኤሊዋ ሳጥን የትኛው ቫርኒሽ?

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖር አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቋል፦ «ልጄ ለሚያሳድጋት ኤሊ ከኮምፔርሳቶ ሳጥን ሠራሁላት። ውስጡን በር ቀብቼ በተረፈኝ ቫርኒሽ ብቀባው ይጎዳታል? ማታ ስለሚበርዳት አምፖልም ላደርግላት ነው።»

ወንድሜ፣ የበሩን ቫርኒሽ ለበሩ ተወው። በአኳራጅ ወይም በቲነር የሚቀጠን ከሆነ እጅ ላይ መጣበቁን ቢተውም ውስጡ ገና ነው። ሽታው ለሳምንታት ቀስ እያለ ይወጣል። አንተ መስኮት ከፍተህ ትገላገላለህ። የኤሊዋ አፍንጫ ግን ቀኑን ሙሉ እንጨቱ ስር ነው። አምፖሉ ሲያሞቀው ደግሞ ይብሳል።

እኔም ተሞኝቼበታለሁ። አንድ ክረምት ቁምሳጥን ቀብቼ በ3ኛው ቀን አስረከብኩ። ስነካው ደርቋል፣ ያብረቀርቃል። ሴትዮዋ ልብሷን ደርድራ በሩን ዘጋች። በሳምንቱ ነጠላዋን ይዛ መጣችና «እስቲ አሽትተው» አለችኝ። ምን ልበላት?

አንተ የምትፈልገው በውሃ የሚቀጠን፣ ቀለም የሌለው የቤት ውስጥ ቫርኒሽ ነው። በምን እንደሚቀጠን ቆርቆሮው ላይ ተጽፏል፣ አንብበው። ባለሱቁ ፀረ-ምስጥ ያለበትን «ይሄ ይሻልሃል» ቢልህ እሺ እንዳትል፤ መርዝ ነው።

ስስ ስስ አድርገህ 3 እጅ ቀባ። በየመሃሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እሸውና ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። የኮምፔርሳቶ ጠርዝ ውሃ ይመጥጣል፣ ማበጥና መላቀቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። እዚያ አንድ እጅ ጨምርበት። ወለሉን ግን ለቫርኒሽ ብቻ አትተወው። ኤሊ ውሃዋን ትደፋለች፣ ትሸናለች፣ በጥፍሯም ትቧጥጣለች። የፕላስቲክ ትሪ ወይም ከግንባታ የተረፈ ሴራሚክ አንጥፍበት። መጋጠሚያውን በሲሊኮን የምትደፍን ከሆነ የዓሣ ገንዳ የሚሠራበትን ጠይቅ። የመታጠቢያ ቤቱ ብዙ ጊዜ የሻጋታ መከላከያ አለበት።

እግረ መንገዴን፦ ሌላ ሳጥን ከሠራህ በጽድ እንዳይሆን። መዓዛው ደስ ይላል፣ ምስጥም አይደፍረውም። ምስጡን የሚያባርረው ዘይት ግን ለኤሊም አይበጅም።

ቀብተህ ስትጨርስ ክዳኑን ከፍተህ ተወው። በበጋ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በክረምት እስከ 1 ወር። ከዚያ አምፖሉን ከእንጨቱ አርቀህ፣ በሽቦ ከልለህ ስቀል። ክዳኑን ዝጋና አጠገቡ ሆነህ ለ2 ሰዓት አብራው። ከፍተህ አፍንጫህን አስገባ። ትንሽም ቢሸትህ ሌላ ሳምንት ጨምር። እስከዚያ ኤሊዋ ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት ካርቶን ውስጥ ትቆይ።