ልጄ ሞቶ ተወለደ፤ ጡቴ ግን ወተት እያፈሰሰ ነው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነበር። 30ኛው ሳምንት ላይ የልጄ እንቅስቃሴ ቀነሰብኝ። ሄጄ ስታይ የልብ ምቱ ቆሟል ተባልኩ። በመድኃኒት ምጥ እንዲመጣልኝ ተደርጎ ወለድኩት። አሁን 12 ቀን ሆነኝ። ደሙ አላቆመም፤ ቡናማ ሆኖ ይመጣል። በ3ኛው ቀን ጡቴ አብጦ ወተት መፍሰስ ጀመረ፤ እስካሁን ልብሴን ያርሰዋል። ሌሊት ደግሞ ሆዴ ውስጥ የሚራገጥ ይመስለኛል። እያበድኩ ይሆን? በዚያው ሰሞን ቁምሳጥን ገፍቼ ነበር፤ እሱ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ባለቤቴ በሳምንቱ ሥራ ገባ፤ ስለ ልጁ አንድ ቃል አይተነፍስም። ቤተሰብ «ቶሎ አርግዢ፣ ትረሺዋለሽ» ይለኛል። መቼ ነው ማርገዝ የምችለው?

መልስ፦ ስለ ልጅዎ በጣም አዝናለሁ።

ከቁምሳጥኑ ልጀምር። እሱ ከልብዎ ካልወጣ የቀረውን የሚያነቡልኝ አይመስለኝም። ቁምሳጥን መግፋት ልጅ አይገድልም። ማህፀን ወፍራም ጡንቻ ነው፤ ልጁም ውስጡ በውሃ ተከቦ ነው የሚቀመጠው። ዕቃ መግፋት፣ ደረጃ መውጣት፣ መጨቃጨቅ፣ ማልቀስ፣ መደንገጥ ለዚህ ምክንያት አይሆኑም። እንደ መኪና አደጋ ያለ ከባድ ጉዳት ሌላ ነገር ነው። በዚህ የእርግዝና ወር ልጅ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እንግዴ ልጁ በቂ ደምና ኦክስጅን ማድረስ ሲያቅተው ወይም ያለጊዜው ከማህፀን ሲላቀቅ ነው። ኢንፌክሽን፣ የእናት ደም ግፊትና ስኳር፣ የእትብት ችግር፣ የልጁ የራሱ የአፈጣጠር ችግርም አሉ። ሁሉም ተመርምሮ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። ይሄ ለእናት በጣም የሚከብድ መልስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባዶውን ቦታ ወዲያው ራሷን በመውቀስ ትሞላዋለች። እርስዎ ግን እንቅስቃሴው መቀነሱን አስተውለው ሄደዋል። ማድረግ የሚገባዎትን አድርገዋል።

አሁን ወደ ሰውነትዎ እንምጣ። ሰዎች ልጅ እጅዎ ላይ ስላላዩ እንደ አራስ አያዩዎትም። እርስዎም ራስዎን እንደዚያ ማየት የተዉ ይመስለኛል። ሰውነትዎ ግን የሚያውቀው መውለድዎን ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ማንኛዋም አራስ መተኛት፣ ጥሩ መብላት፣ ውሃ መጠጣት፣ ሰው እንዲያግዝዎት ማድረግ ይገባዎታል። «ምን አራስ ነኝ ብዬ እተኛለሁ» ብለው ቤት ማጽዳት ጀምረው ከሆነ ይተዉት።

ወተቱ ብዙዎችን የሚሰብረው ነገር ነው። ማንም ቀድሞ ስለማይነግራቸው ድንገት ይመጣባቸዋል። በእርግዝና ጊዜ ወተቱን አግዶ የሚይዘው ከእንግዴ ልጁ የሚመነጭ ሆርሞን ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ይሞላል። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ጽንስ ያጣች ሴትም ላይ ሊደርስ ይችላል። ካቤርጎሊን የሚባል ወተት የሚያቆም ክኒን አለ፤ በደንብ የሚሠራው ግን ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ቀን ሲወሰድ ነው። ደም ግፊት ላለባት ሴት ደግሞ አይመከርም። አሁን የሚረዳዎት ቀላሉ መንገድ ነው። ደረትን ደግፎ የሚይዝ፣ የማያጣብቅ የጡት መያዣ ቀንም ሌሊትም ያድርጉ። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ለ15 ደቂቃ ያህል ያድርጉበት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ግፊት ከሌለብዎት አይቡፕሮፌንም ይሆናል። በጣም ከወጠረ ደግሞ ቀለል እስኪልዎት ብቻ በእጅ ጨምቀው ያፍስሱት። ጡቱን ባዶ ካደረጉት ሰውነትዎ «ልጁ እየጠባ ነው» ብሎ ተጨማሪ ያመርታል። በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰርን የሚመክሩዎት ይኖራሉ፤ አይስሟቸው፤ ያሳምማል፣ ቱቦውንም ሊዘጋ ይችላል። ጠብ ጠብ ማለቱ ለጥቂት ሳምንታት ቢቀጥል አይደንግጡ። አንዱ ጡት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን መታየት አለበት።

ደሙን በተመለከተ፣ በ12ኛው ቀን ቡናማ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ነጣ ያለ ቢጫ እየተለወጠ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ብዙ የሠሩ ቀን ትንሽ ቢጨምር ሰውነትዎ «ረፍ በይ» እያለዎት ነው። እስኪያቆም ሞዴስ ብቻ ይጠቀሙ፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር ይቅር።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና የሚያስሄዱዎትን ልንገርዎት። በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ ወይም እንቁላል የሚያክል የረጋ ደም ከወጣ ይሂዱ። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ኢንፌክሽን ወይም የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ሊሆን ይችላል። የአንድ እግር ባት ማበጥና መታመም፣ ደረት ላይ ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር የደም መርጋት ምልክት ነው። ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ደግሞ የግፊት ምልክት ነው፤ ግፊት ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል።

የደም ዓይነትዎንም ያጣሩ። ነጌቲቭ ከሆኑና የልጁ ፖዘቲቭ ከነበረ ወይም ካልታወቀ፣ በተለምዶ ሾተላይ የሚባለውን ለመከላከል የሚሰጥ መርፌ አለ። መሰጠት ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ተሰጥቶዎት ሊሆን ይችላል፤ ካርድዎ ላይ ይዩ። ካልተሰጠዎት ጊዜው አለፈ ብለው አይተዉት። ዘግይቶም ቢሆን የሚሰጥበት ሁኔታ ስላለ ዛሬውኑ ይጠይቁ።

አላበዱም። ልጅ ያጡ ብዙ እናቶች ሆዳቸው ውስጥ የሚራገጥ ይመስላቸዋል። ማህፀንዎ እየተኮማተረ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው፤ አንጀትም ይንቀሳቀሳል። አእምሮዎ ደግሞ ለወራት ያንን ስሜት «ልጁ ነው» ብሎ ሲተረጉም ኖሯል፤ በአንድ ቀን አይረሳም። ለወራት ሊቆይ ይችላል። በጸጥታ ውስጥ የሕፃን ልቅሶ የሰሙ የሚመስላቸውም አሉ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለቀናት ምንም እንቅልፍ ካጡ፣ ሐሳብዎ ከተምታታ፣ አንዳች ነገር አድርጊ የሚል ድምፅ ከሰሙ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። «ልጄ ጋ ብሄድ ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎትም እንደዚያው ነው። ብቻዎን አይሁኑ፣ አጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩ።

ሀዘን ይመጣል፣ ይሄዳል። ጠዋት ሻይ እየጠጡ ደህና ነበሩ፤ ከሰዓት ስልክዎ ላይ ያለው የእርግዝና መተግበሪያ «ልጅዎ በዚህ ሳምንት ይህን ያህል ይመዝናል» ይልዎትና ይፈርሳሉ። (እሱን አሁኑኑ ያጥፉት።) ድብርት ግን አይሄድም። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን ተስፋ መቁረጥ፣ ምግብ መጥላት፣ ከአልጋ መነሳት አለመቻል ካለ የሚታከም ሕመም ነው። በንግግር ሕክምናም፣ ካስፈለገ በመድኃኒትም ይድናል። ወሊዱ ራሱ፣ «ልቡ ቆሟል» የተባሉበት ቅጽበት፣ በዓይንዎ እየተመላለሰ የሚያስበረግግዎት ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ልበል። በሳምንቱ ሥራ መግባቱ አላዘነም ማለት አይደለም። ብዙ ወንዶች «እኔ ካለቀስኩ እሷ ትወድቃለች» ብለው አፋቸውን ይዘጋሉ፤ ሚስት ደግሞ ዝምታውን እንደ መርሳት ትቆጥረዋለች። ሁለቱም በየክፍላቸው ያለቅሳሉ። «ለምን አትናገርም» ብለው አይጀምሩ። «ስለ ልጃችን ማውራት እፈልጋለሁ፤ መልስ ባትሰጠኝም ስማኝ» ይበሉት። ስም አውጥታችሁለት ከነበረ በስሙ ጥሩት። «ትረሺዋለሽ» የሚሉትን ደግሞ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው ብለው ይለፏቸው። አይረሳም፤ ሌላ ልጅ መውለድም እንዲረሳ አያደርግም።

የእርግዝናውን ጥያቄ መጨረሻ ያመጣሁት ቤተሰብ ስለሚያስቸኩልዎት ነው። ጡት የማታጠባ ሴት ከወለደች ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ እንቁላል ልታወጣ ትችላለች፤ የወር አበባ ሳይመጣ ማርገዝ ይቻላል ማለት ነው። ግንኙነት ደሙ ቆሞ፣ ቁስል ካለ ድኖ፣ እርስዎም ሲፈልጉ ነው። እስኪወስኑ ድረስ መከላከያ ይጠቀሙ። ስንት ወር ይጠበቅ ለሚለው፣ ስድስት ወርም ዓመትም የሚሉዎት አሉ። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ፣ በፊንላንድ፣ በኖርዌይና በምዕራብ አውስትራሊያ የተደረገ ትልቅ ጥናት ልጃቸው ሞቶ ከተወለደ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ያረገዙ እናቶችን አይቷል፤ ቶሎ በማርገዛቸው ምክንያት አደጋው ጨምሮ አልተገኘም። በቀዶ ጥገና የወለደች ሴት ግን ጠባሳው እስኪጠነክር ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ አለባት። እኔ ከወር ቁጥሩ ይልቅ ምርመራው ማለቁን፣ ደምዎ መሙላቱን፣ እርስዎም ለዘጠኝ ወር ጭንቀት አቅም ማግኘትዎን ነው የማየው። ማርገዝ ከማሰብዎ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ደግሞ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ይጀምሩ።

በ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለት ሰው ይሻላል፣ አንድ ሰው የሰማውን ግማሹን ይረሳል። እርጉዞች የሚሰለፉበት አዳራሽ መቀመጥ ከከበደዎት የመጨረሻውን ሰዓት እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። የእንግዴ ልጁ ምርመራ ምን አሳየ? ስኳር፣ ታይሮይድ፣ ቂጥኝ ታይቷል? ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ፕሮቲን) ደምዎ ውስጥ እንዳለ የሚያሳየው ምርመራ ተሠርቷል? ይሄኛው ፖዘቲቭ ከሆነ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት፤ ከተረጋገጠ በሚቀጥለው እርግዝና በአስፕሪንና በሄፓሪን ይታከማል። በዚያ እርግዝና የልጁ ዕድገት በአልትራሳውንድ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ከአሁኑ ይጠይቁ። የእንግዴ ልጁ ውጤት እስከዚያ ካልደረሰ ለእሱ ሌላ ቀን ያስይዙ፤ የ6 ሳምንቱን ግን አይሰርዙት፣ ግፊትዎና የደም መጠንዎ መታየት አለበት።