የትምህርት ቤት ስፖርት መምራት ለምትፈልግ የድሬዳዋ መምህርት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝ። በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ፣ እዚያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርትን በሙሉ የሚመራ ኃላፊ እንዳለና በልጆቿ ትምህርት ቤት ይህን ሥራ የምትሠራው ሴት እንደሆነች ነገረችኝ። እኔም መሆን የምፈልገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤታችን የስፖርት ክበብ ኃላፊነት ከእኔ በኋላ ለተቀጠረ ወንድ ባልደረባዬ ተሰጠ። የተሰጠኝ ምክንያት «ቡድን ይዞ ሐረር ድረስ መሄድ ለሴት ይከብዳል» የሚል ነው። የክለብ አሰልጣኝ ልሁን? ወደ ስፖርት መሥሪያ ቤት ልዛወር? ወይስ እዚሁ ልቆይ?

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያው ቆዪ። አቆያየትሽ ግን እንደ እስካሁኑ መሆን የለበትም።

በመጀመሪያ የተመኘሽውን ሥራ በደንብ እንየው። የአክስትሽ ልጅ የነገረችሽ ኃላፊ አብዛኛውን ጊዜ ፊሽካ ይዛ ሜዳ ላይ አትውልም። አሰልጣኞችን ትመርጣለች፣ የውድድር መርሐ ግብር ታወጣለች፣ አውቶቡስና ዳኛ ታዘጋጃለች፣ በጀት ትከፋፍላለች፣ ተማሪዎቹ በትምህርት ውጤታቸው ለመጫወት ብቁ መሆናቸውን ታረጋግጣለች። እዚያም ቢሆን ይህን ወንበር የያዙት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ሴት ልጆች ወደ ሜዳ የገቡት ደግሞ በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 መንግሥት ገንዘብ በሚሰጣቸው የትምህርት ተቋማት በጾታ መለየትን የሚከለክለው «ታይትል ናይን» የተባለው ሕግ ወጣ። በዚያን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚሳተፉ ልጃገረዶች ከ300 ሺህ በታች ነበሩ፤ ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሕጉ መሠረት ጣለ፤ ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ የሜዳውን ሰዓትና ገንዘቡን ቁጭ ብሎ ለሴቶቹም ያካፈለ ሰው ባይኖር ኖሮ ሕጉ ብቻውን ኳስ አይገዛም ነበር።

እኛ ዘንድ ይህ ሥራ በአንድ ሰው እጅ የለም። ጥቂቱ በትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ጥቂቱ በስፖርት ክበቡ ተጠሪ፣ የሰዓቱ ድልድል በምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ገንዘቡ ደግሞ በርዕሰ መምህሩና በወላጅ መምህር ኅብረቱ እጅ ነው። ስለዚህ ግብሽ ሰዓትና ገንዘብ ወደሚወሰንበት ጠረጴዛ መቅረብ መሆን አለበት። የክለብ አሰልጣኝነት የተከበረ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ጠረጴዛ አያደርስሽም።

አሁን ወደ ሐረሩ ምክንያት ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ያናደደኝ እርሱ ነውና። መሰረት ማኒ የድሬዳዋ ከተማን የወንዶች እግር ኳስ ቡድን በፕሪሚየር ሊግ ባሰለጠነችበት ከተማ፣ ሴት በደንገጎ በኩል ሐረር ደርሳ በዕለቱ መመለስ አትችልም ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? ደግሞም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያላት እናት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው «አብሯት የሚሄደው ማን ነው?» ብላ ነው። መልሱ «መምህርቷ» ከሆነ ትፈቅዳለች። በጉዞ ላይ የወር አበባ የመጣባት ልጅስ ለማን ትናገር? አንቺ አለመሄድሽ ልጃገረዶቹንም ያስቀራል። ለርዕሰ መምህሩ ይህን ስትነግሪ ዝግጅትሽን አብረሽ አቅርቢ፦ የወላጅ ፈቃድ ቅጽ፣ የመነሻና የመመለሻ ሰዓት፣ የሾፌሩ ስልክ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ በውስጡም የንጽህና መጠበቂያ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል፤ ሳትወስጂው ቡድን ይዘሽ አትውጪ።

በሙያ ዕውቀትሽ የምትቀድሚበትም ቦታ አለ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። እዚህ ሜዳ ላይ የማይደክማት ሯጭ እዚያ በመጀመሪያው ዙር ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል። አነሳሷን እንድትመጥን አስቀድመሽ ካልነገርሻት ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ልምምዱን በጠዋት፣ ከትምህርት በፊት አድርጊው። በረመዳን ደግሞ ከባዱን ልምምድ ወደ ሌላ ጊዜ አሸጋግሪ፤ የሚጾሙትን ልጆች ከጾምና ከስፖርት አንዱን ምረጡ ብለሽ አታስጨንቂያቸው። ሒጃብ ለብሳ መጫወት አትችልም የሚል ወላጅ ወይም ባልደረባ ከገጠመሽ፣ የራስ መሸፈኛ በእግር ኳስ እ.ኤ.አ. ከ2014፣ በቅርጫት ኳስ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ እንደተፈቀደ ንገሪው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን አንድ ነገር የማያውቅ የስፖርት መምህር ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾችን ሳያያቸው ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምለምንሽ አንድ መዝገብ እንድትይዢ ነው። ለአንድ ወሰነ ትምህርት በየክፍሉ ስንት ሴቶች ልምምድ እንደመጡ፣ ስንቱ እንዳቋረጡና ለምን እንዳቋረጡ፣ ሜዳው በሳምንት ስንት ሰዓት ለወንዶች ስንት ሰዓት ለሴቶች እንደተሰጠ ጻፊ። ያቋረጡትን ልጆች በአካል አነጋግሪ። ውኃ መቅዳት ነው? ታናናሾችን መጠበቅ ነው? ልብስ የሚቀየርበት ክፍል አለመኖሩ ነው? ከሜዳው ዳር የሚቆሙ ጎረምሶች ናቸው? አንዳንዱ መፍትሔ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ የመማሪያ ክፍል ከትምህርት በኋላ ለግማሽ ሰዓት መክፈት ብቻ ሊበቃ ይችላል። በትምህርት ቤቱ የሥርዓተ ጾታ ክበብ ካለ ተጠሪዋን ከጎንሽ አድርጊ፤ ብቻሽን ከምትናገሪው ሁለት ሆናችሁ የምትናገሩት ይሰማል።

መዝገቡን ወደ አንድ ገጽ አጠቃልዪውና በሰኔ፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሳይዘጋ፣ ለርዕሰ መምህሩ አቅርቢ። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በመስከረም የመጣ ጥያቄ የሚያገኘው ትራፊውን ነው። በደብዳቤው ባልደረባሽን አትክሰሺ፤ የመደበው እርሱ አይደለም፣ ነገም አብራችሁ ትሠራላችሁ። የምትጠይቂው የሴቶች ስፖርት ተጠሪነት በጽሑፍ እንዲሰጥሽ፣ ከሜዳው የተወሰነ ሰዓትና ከክበቡ በጀት የተወሰነ ድርሻ እንዲመደብልሽ ነው። ሥልጣኑ ያለ ሰዓትና ያለ ገንዘብ ከተሰጠሽ አትቀበዪ፤ ስም ብቻ ይዘሽ ውጤት ስትጠየቂ ትኖሪያለሽ። እምቢ ካሉሽም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቂ። «ሴት ስለሆንሽ» ብሎ የሚፈርም ኃላፊ ጥቂት ነው።

ስለ ወረቀቱ፦ በመምህራን የደረጃ ዕድገት ወደ ከፍተኛ መምህርነት የሚያደርስሽን ምዘና እንዳትዘነጊ። ሁለተኛ ዲግሪ ካሰብሽ ብዙዎች ስፖርት ሳይንስን ይመክሩሻል፤ እኔ ግን የትምህርት አመራርን እመርጥልሻለሁ። ስለ ሥልጠና ዘዴ ያለሽ ዕውቀት ለትምህርት ቤት ይበቃል፤ የሚጎድልሽ የዕቅድ፣ የበጀትና የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። ለርዕሰ መምህርነት የሚጠየቀው የትምህርት ቤት አመራር ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማም መንገድ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህርት ስትሆኚ የሰዓት ድልድሉን የምትሠሪው አንቺ ትሆኛለሽ። እስከዚያው የአትሌቲክስ ዳኝነት ወይም የመጀመሪያ ደረጃ አሰልጣኝነት ሥልጠና ሲወጣ ተመዝገቢ፤ ውድድር በሚዘጋጅበት ቦታ ሰዎች የሚያውቁሽ በዚህ ነው።

ስፖርት መሥሪያ ቤቱን ለዘለዓለም ተዪው አላልኩም። ዛሬ ብትሄጂ ግን የሌሎችን ሪፖርት የምትሰበስብ ባለሙያ ትሆኛለሽ፤ ከልጆቹም ትርቂያለሽ። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በራስሽ ትምህርት ቤት ያስገኘሽውን ለውጥ በመዝገብ ይዘሽ ብትሄጂ፣ የሁሉንም ትምህርት ቤቶች ውድድር ለማደራጀት የምትጠሪ ሰው ትሆኛለሽ።

የሰኔውን ደብዳቤ ረቂቅ ለርዕሰ መምህሩ ከመስጠትሽ በፊት ላኪልኝ፤ አንብቤ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።