መልስ፦ ከተሞች የቅኝ ግዛት ስማቸውን ለምን ይጥላሉ?

«ስም መቀየር ትርፉ ወጪ አይደል ወይ?» ላልከው፣ ወጪስ አለው። ካርታው፣ ማኅተሙ፣ የመንገድ ምልክቱ ሁሉ ይቀየራል። ግን የድሮዎቹን ስሞች እስቲ እያቸው። የኮንጎ ዋና ከተማ ሊዮፖልድቪል የተሰየመችው በቤልጅጉ ንጉሥ በዳግማዊ ሊዮፖልድ ነው፤ ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ ይዞ ሕዝቡን በጎማ ለቀማ ያስጨረሰው ሰውዬ። አያቶችህን የፈጀን ሰው ስም አድራሻህ ላይ መጻፍ ያማል። በ1966 እ.ኤ.አ. ኪንሻሳ ተባለች። በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም የምትጠራው የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሶልዝበሪም በ1982 ሐራሬ ሆነች።

ሁሉም ለውጥ ግን ንጹሕ ነው አልልህም። የህንዷን ከተማ ቦምቤይን በ1995 ሙምባይ ያሰኘው የማራቲ (የአካባቢው ሕዝብ) ብሔርተኛው ፓርቲ ሺቭ ሴና በክልሉ ሥልጣን መያዙ ነው። እዚያ ላይ የአገር ውስጥ ፖለቲካም አለበት። ነዋሪው ራሱ ዛሬም ቦምቤይ የሚላት ሞልቷል።